ወንድሜ ሻማ አይደለም

ጥቅምት 12

ጋሽ ፈትል፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አንደኛውን የቀደድኩት «እኛ ደህና ነን» ብዬ ስለጀመርኩ ነው።

የጠየቁኝን ልመልስ። እማዬ ትበላለች፤ ማለቴ ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል፣ ማን እንደበላው ግን አልጠይቅም። ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። የወንድሜ አልጋ እንደተነጠፈ ነው፤ እኔ ዛሬም መሬት ላይ ፍራሼን ዘርግቼ እተኛለሁ። «ቀብሩ ላይ ባለመገኘቴ ቅር ብሎሃል ወይ?» ላሉኝ፣ አዎ፣ ብሎኛል። ሌላ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። አርባ ዓመት የሠሩበትን ሻማ ፋብሪካ ከቀብሩ በሳምንቱ ለቀው፣ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ወደሚያስኬድ ከተማ፣ ልጅዎ ዘንድ መሄድዎን የሰማሁት ከዘበኛው ነው። ወንድሜ «ጋሽ ፈትል ባይኖር ያ ማቅለጫ ክፍል እስር ቤት ነበር» ይል ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሳይሰናበት ሲሄድ ምን ማሰብ እንዳለብኝ ይንገሩኝ።

አሁን ወደ ወሬው። ባለፈው ማክሰኞ ሥራ አስኪያጁ ቤታችን መጣ። ወንበራችን አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ሲቀመጥ ተንገዳገደ፤ ደስ አለኝ። ግቢው መሃል የመታሰቢያ ድንጋይ ሊያቆም ነው። የሚቀረጸውን ጽሑፍ ይዞ መጥቶ አነበበልን፤ «በገዛ ፈቃዱ ራሱን መሥዋዕት ያደረገ፣ እንደ ሻማ ቀልጦ ለሌሎች ያበራ ጀግና።»

እማዬ አለቀሰች። «እስቲ ይድገሙልኝ» አለችው። ደገመላት።

እኔ ግን ሳቄ መጣ። እውነቴን ነው። ሻማ ፋብሪካ ውስጥ ተቃጥሎ ለሞተ ሰው «እንደ ሻማ ቀለጠ» ብሎ ሲያነብ የገዛ ጆሮው አልሰማውም?

ከጽሑፉ ሥር ሌላ መስመር አለ። «ቤተሰቡ ስለ አደጋው አደራረስ ሌላ ጥያቄ የለውም» ይላል። ከዚያ የእማዬ መፈረሚያ።

ወደኔ ዞሮ «ጎበዝ፣ እስክሪብቶ አምጣ» አለኝ።

«እስክሪብቶ የለንም» አልኩት። ተማሪ ባለበት ቤት! ደብተሬ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ፣ ከአምስት ደቂቃ በፊት የጻፍኩበት ቀለም ገና ሳይደርቅ። እሱም ደረት ኪሱ ውስጥ ሁለት ሰክቷል።  እማዬ «ለሌላ ቀን ይሁን» አለችው። ለኔ ብላ እንጂ እጇ ተዘጋጅቶ ነበር።

ሌላው ደግሞ ይኸውልዎ። የቋንቋ አስተማሪያችን «እንደ ሻማ መቅለጥ» የሚለውን አባባል ትርጉምና አመጣጥ በሁለት ገጽ አብራሩ ብላ የቤት ሥራ ሰጠችን። ሥራ አስኪያጁ ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋግሯል፤ ኅዳር 20 ቀን ድንጋዩ ሲገለጥ የኔን ጽሑፍ እኔው እንዳነብ ተወስኗል። ሕዝብ ፊት፣ በድምፅ ማጉያ። ስለዚህ ሻማ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገኛል። እርስዎ ምን ይላሉ? ይህን አባባል ማን አመጣው? እውነትስ ነው?

አንድ የመጨረሻ ነገር። ዘበኛው ከግቢው ሣር ውስጥ የለቀማቸውን ዘጠኝ ቆርኪዎች ሰጥቶኛል። የማቅለጫውን ክዳን ግቢ አውጥታችሁ፣ ድንጋይ ላይ አስቀምጣችሁ ምሳ እንደምትበሉበት፣ ከምሳ በኋላም ላዩ ላይ በሚስማር በጫራችሁት ዳማ እንደምትጫወቱ ወንድሜ ነግሮኛል። ግን ደግሞ እሱ ራሱ የመጀመሪያው ሕግ ብሎ ያስተማረኝ «ክዳኑ ሁልጊዜ ከማቅለጫው አጠገብ፣ እጅ የሚደርስበት ቦታ» የሚለውን ነው። የሚነድ ሰም ላይ ውኃ ከደፉ ይፈነዳል፤ የሚያጠፋው አፉን መክደን ብቻ ነው። ታዲያ ያን ቀን እሳቱ ሲነሣ ከሰዓት ሆኖ ሳለ ክዳኑ ግቢ ውስጥ ምን ያደርግ ነበር? ከቆርኪዎቹስ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው የተቀመጡት የማን ነበሩ፣ የተደፉት የማን? ከተበተኑ በኋላ ሁሉም አንድ ናቸው። ማን እየመራ ነበር?

ቴርሞሜትሩ ከተሰበረ ወዲህ የሰሙን ሙቀት በዓይኑና በአፍንጫው ስለሚለካ እናንተ «ቴርሞሜትር» ያላችሁት ልጅ ታናሽ፣

ጩጬው


ጥቅምት 23

ለልጄ ለጩጬው፣

ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ቢመስልህ አትፍረድብኝ። ቀኝ እጄ ገና በፋሻ እንደታሰረ ነው። የልጄ ልጅ «አባባ፣ እኔ ልጻፍልህ» አለችኝ፤ እምቢ አልኳት። ይህ የሷ ሥራ አይደለም።

በቅሬታህ አልቀየምም። ያንተ ቅሬታ ሳይደርሰኝ የራሴ ደርሶኝ ነበር።

ስለ ሻማ ጠየቅኸኝ፤ ስለ እሱ እስከ ነገ ባወራ አይደክመኝም። ማን እንዳመጣው ማንም አያውቅም፤ ለአስተማሪህ እንዲሁ ብለህ ጻፍላት። እኔን ሥራ ያስለመዱኝ ሽማግሌ ግን ይህን ነገር በሰሙ ቁጥር ይናደዱ ነበር። «ይህን ያለ ሰው ሻማ ገዝቶ ያውቅ ይሆናል፣ ሠርቶ ግን አያውቅም» ይሉ ነበር። ለምን ይመስልሃል? ጥሩ ሻማ አይቀልጥማ! ማለቴ በጎኑ አይፈስም። ሰሙ ክሩን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፣ እዚያ ላይ ይነዳል፣ ብርሃኑ ያ ነው። በጎኑ ተንጠባጥቦ ጠረጴዛ ላይ የረጋው ለማንም አላበራም፤ በቢላ ፍቀህ የምትጥለው ነው። እኛ እንዲህ ያለውን «አልቃሻ» እንለዋለን። ክሩ ቀጥኖበት ወይም ሰሙ በማይሆን ሙቀት ተቀድቶ ነው አልቃሻ የሚሆነው። ጥፋቱ የሠሪው ነው እንጂ የሻማው አይደለም። ወንድምህ አልቃሻ ሻማ ሲያይ «ይኼን ማን ወለደው?» ብሎ ወደ ማቅለጫው ይመልሰው ነበር።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሻማ ራሱን ለኩሶ አያውቅም። አርባ ዓመት ሙሉ አይቻለሁ፣ አንድም አላየሁም።

ይህን ጻፍና ጥሩ ነጥብ አግኝበት። ስለ ድንጋዩ ግን ምክሬን ስማኝ፤ ተወው ይቁም። እናትህ የሚያጽናናት ነገር ያስፈልጋታል። ድንጋይ ላይ የተጻፈ ነገር ከሥሩ ማን እንዳለ አይለውጠውም። አንተ ትምህርትህን ያዝ። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሲሆን ክፉ ነው፤ አታውቀውም።

እጄ ደከመ፣ እዚህ ላይ ይብቃኝ። እናትህን ሳምልኝ።

ፈትል


ኅዳር 3

ጋሽ ፈትል፣

አጭሯ ወረቀትዎም ደርሳኛለች። «እናትህ ፈረመች?» ከሚለው በቀር ምንም የለባትም። አልፈረመችም። እስክሪብቶ ሁሉ ከቤት እያወጣሁ ትምህርት ቤት አሳድራለሁ።

ስለ ሻማው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ጊዜ አንብቤ በሦስተኛው አንድ ነገር ገባኝ። ሁሉንም ነገር መልሰውልኛል፣ ስለ ክሩ፣ ስለ ሰሙ፣ ስለ ሽማግሌው። ስለ ክዳኑ አንድ ቃል የለም። ስለ ቆርኪዎቹም የለም። እጅዎ የደከመው ልክ እዚያ ላይ ነው።

ሐሙስ ዕለት እትዬ ቋጠሮ ቤታችን መጣች። ያውቋታል፣ ክር የምትቋጥረው፣ ከተረፉት ስድስቱ አንዷ። መጀመሪያ እንደ ልማዷ ቀለደች፤ «አንተ ልጅ፣ ቁመትህ በር ሊሰብር ነው፣ ወይ ቤቱን ወይ ራስህን አሳጥር» አለችኝ። ከዚያ እማዬ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ እጄን ያዘችኝ።

«የኋላ በር ነበረን» አለችኝ። «የምንሠራበት የመቅረጫው ክፍል የራሱ በር አለው። ሥራ አስኪያጁ ሻማ ይሰረቅብኛል ብሎ ቁልፍ አስገባበት፣ ካርቶን ደረደረበት። እሳቱ ሲነሣ መውጫችን በማቅለጫው በኩል ብቻ ነበር፣ በእሳቱ ፊት ለፊት። ካርቶኑን በጥፍራችን ቧጠጥነው። ወንድምህ ያን ክዳን እንደ ጋሻ ይዞ ገብቶ ባይከድነው ኖሮ ዛሬ የምታወራህ ቋጠሮ የለችም።»

«ለምን ይህን ለማንም አልተናገራችሁም?» አልኳት።

«ተናገርን እንጂ። አደጋውን ሊመረምሩ የመጡት ሰዎች 'አንጋፋው ሠራተኛ በሩ ክፍት ነበር፣ ቴርሞሜትሩም ይሠራ ነበር ብሎ ፈርሟል' አሉን። የስድስት ክር ቋጣሪ ወሬ ከማቅለጫው ኃላፊ ፊርማ ጋር እኩል ነው?»

የማቅለጫው ኃላፊ እርስዎ ነዎት፣ ጋሽ ፈትል።

ለምን ፈረሙ? እኔ የምጠይቅዎ ሌላ አይደለም። ቴርሞሜትሩ በሚያዝያ ነው የተሰበረው። ወንድሜ አዲስ እንዲገዛ አራት ጊዜ ጠይቋል፤ ሥራ አስኪያጁ «አንተ እያለህልን ምን ያደርግልናል?» እያለ ትከሻውን መታ መታ ሲያደርገው እርስዎም አብረው ስቀዋል፤ ወንድሜ ራሱ እየሳቀ ነው የነገረኝ። እትዬ ቋጠሮ እንደነገረችኝ፣ ያን ቀን እሱን «ና ሰም አውርድ» ብሎ ከማቅለጫው ነጥሎ መኪና ላይ ያወጣው ማን ነው? ዓይኑና አፍንጫው መኪና ላይ ሆነው ሙቀቱን ማን ይለካው?

የቤት ሥራውን ጀምሬዋለሁ። አስተማሪዬ የመጀመሪያውን ገጽ አይታ «ቁጣ በዝቶበታል» አለችኝ።

«ትርጉሙን ነው የጻፍኩት» አልኳት።

«ትርጉሙ ክቡር መሥዋዕትነት ነው፣ ለሌላው ራስን መስጠት። ያንተ ግን ክስ ነው።»

«ቲቸር፣ የሰጠና የተወሰደበት በምን ይለያሉ?»

 ደግ ሰው ናት፣ አልዋሽም። «እሱን ደግሞ ጻፈው» አለችኝ በመጨረሻ። ጻፍኩት። አመጣጡ የሚለው ሥር ደግሞ ይህን ጻፍኩ፤ ማን እንዳለው ባይታወቅም የት ተቀምጦ እንዳለው ይታወቃል፤ በብርሃኑ ውስጥ ተቀምጦ ነው። ሻማው ቢጠየቅ ሌላ ነገር ይል ነበር።

ምክርዎን አልቀበልም። ድንጋዩ አይቆምም። ብቻዬን ብሆንም አይቆምም።

ጩጬው


ኅዳር 11

ጋሽ ፈትል፣

መልስ ስላላገኘሁ ደግሜ ጻፍኩ። ያለፈው ላይ ድምፄ ከፍ ብሎ ከሆነ ይቅርታ። ቃሉን ግን አላነሣም።

ከእማዬ ጋር ተጣላን። ይህን ለማንም አልነገርኩም። የተማሪ ቦርሳዬን ፈትሻ የረሳሁትን እስክሪብቶ አወጣች። ልብሴን የምታጥብ ይመስል ተረጋግታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ልጄ ጀግና ነው ያለኝ አንድ ሰው እሱ ብቻ ነው» አለችኝ። «ሌላው ሁሉ 'እግዚአብሔር ያጽናሽ' ብሎኝ ይሄዳል። አንተ ይህችን ልትወስድብኝ ነው?»

«እማ፣ ሰውየው እኮ ጀግና ያለው እንዳትጠይቂው ነው።»

«እኔ ምን ልጠይቅ? ብጠይቅ ይነሣል?»

 ከዚያ ያለችኝን ልንገርዎ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ከጆሮዬ አልወጣም። «በገዛ ፈቃዱ ነው ይላል ወረቀቱ። እኔንና አንተን ትቶ መሞት ፈልጎ ነበር ማለት ነው? እሱን ብቻ ንገረኝና አልፈርምም።»

እሱን የሚያውቅ ሰው በዚህ ዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። ወንድሜ ክዳኑን ሲያነሣ ግቢ ውስጥ የነበረው እርስዎ ብቻ ነዎት። ሆስፒታል ሁለት ቀን ሲተኛ አፉ በፋሻ ተሸፍኖ ነበር፤ ለኛ ምንም አልተናገረም።

እስከ ኅዳር 19 እንድታቆየው ለምኛታለሁ። ቃል አልገባችልኝም፤ እስክሪብቶውን ግን መሳቢያ ውስጥ ከታዋለች።

ጩጬው


ኅዳር 15

ልጄ፣

ይህን በአንድ ቁጭታ እጽፈዋለሁ። ካቋረጥኩ አልቀጥለውም።

ዳማ እየተጫወትን ነበር፣ እኔና ወንድምህ። አምስት ለአራት እየመራሁት ነበር። አታውቅም ምን ማለት እንደሆነ፤ ያን ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አሸንፌው አላውቅም። የተደፉት አምስቱ የኔ፣ ፊታቸው ወደ ላይ የሆኑት አራቱ የሱ ነበሩ። ተራውም የሱ ነበር። የሥራ ደወል ተደወለ። ክዳኑን ወደ ውስጥ የመመለስ ተራ የኔ ነበር። ካነሣሁት ቆርኪዎቹ ይፈሳሉ። «ጨዋታው እንዳይበላሽ ለሻይ ሰዓት እናቆየው» አልኩ። ወንድምህ ሳቀ፤ «ጋሼ፣ ዛሬ ልታሸንፈኝ ነው ብለህ ሕግ ልታስጥሰን?» አለኝ። «አንድ ቀን ብቻ» አልኩት። ክዳኑ ግቢ ውስጥ ያደረው ለዚህ ነው፣ ማለቴ የዋለው። አርባ ዓመት የሠራ ሰው፣ ለዘጠኝ ቆርኪ።

ከዚያ ያለውን ቋጠሮ ነግራሃለች። ወንድምህን ሰም አውርድ ብለው መኪና ላይ አወጡት፣ እኔን ደግሞ የመጋዘኑን በር ክፈት ብለው ወደ ውጭ። ሰሙን የሚያይ አልነበረም። የሚለካውም አልነበረም። ጭሱን ያየው እሱ ነው። ከመኪናው ዘሎ ወረደ። በሩ አጠገብ ነበር፣ ውጭ ነበር፣ ምንም አልነካውም፤ ይህን ልብ በል። ወደ ክዳኑ ሮጠ። በአንድ እጁ ገለበጠውና ቆርኪዎቹ ሣሩ ላይ ተበተኑ። እኔ እዚያው እንደ ግንድ ቆሜያለሁ። በአጠገቤ ሲያልፍ ፊቴን አየና ምን እንዳለኝ ልንገርህ፤

«ጋሼ፣ ቦታቸውን ያዝልኝ! መጣሁ!»

የመጨረሻ ቃሉ ይኸው ነው። እየሮጠ፣ እየሳቀ ማለት ይቻላል። «ደህና ሁን» አላለኝም። «እናቴን አደራ» አላለኝም። የቆርኪዎቹን ቦታ እንድይዝለት ነው ያዘዘኝ። ልጄ፣ ወንድምህ ሊሞት አልገባም። ተመልሶ ሊጫወት ነው የገባው። ለእናትህ ይህን ንገራት።

ማቅለጫውን ከደነው፤ ስድስቱም በጎኑ አለፉ። ሰሙ ከሥር እየገፋ ስለነበር ክዳኑን በክንዱና በደረቱ ተጭኖ ቆየ። እኔ ልጎትተው ስገባ ነው እጄን ያጣሁት፣ ማለቴ የተቃጠለው። ዘግይቼ ነበር።

ስለ ፊርማዬ። ሥራ አስኪያጁ ወንድምህ ያረፈ ዕለት ጠራኝ። «ክዳኑን ማን እንዳወጣው አውቃለሁ» አለኝ። «አንተ ስለ ኋላ በሩ ካወራህ እኔ ስለ ክዳኑ አወራለሁ። ያን ልጅ የገደለው ዳማ ነው ብዬ ለእናቱ እነግራታለሁ። ዝም ካልክ ግን ጀግና ሆኖ ይቀራል፣ አንተም ትከበራለህ።» ፈረምኩ። ከዚያ ቀብሩ ላይ በየትኛው እግሬ ልቁም?

ሌላኛው ወረቀት ላይ ቃሌን ጽፌልሃለሁ። ቴርሞሜትሩን፣ በሩን፣ ካርቶኑን፣ ክዳኑን። በሙሉ ስሜ ፈርሜበታለሁ፤ አንዱን ግልባጭ አደጋውን ለመረመሩት ሰዎች ልኬአለሁ። ሕዝብ ፊት ካነበብከው የክዳኑን እንዳትዘል። ከዘለልከው የበሩንም አያምኑህም፣ እኔም አልተኛም።

ቦታቸውን ይዣለሁ። አልረሳሁም። ከታች ሥዬልሃለሁ፤ ክቦቹ የሱ፣ መስቀሎቹ የኔ።

ፈትል


ኅዳር 22

ጋሽ ፈትል፣

«እንዴት ሆነ?» ብለው እንደሚጠይቁኝ ስለማውቅ ሳይጠይቁኝ ልጻፍ። ነገሩን ሁሉ እትዬ ቋጠሮ ጨምራ ቀንሳ ታወራልዎታለች፤ እኔ የራሴን ብቻ።

ደብዳቤዎ የደረሰው ኅዳር 18 ነው። መጀመሪያ ያነበብኩት ለእማዬ ነው። ወጥ ቤት ቆማ ነበር። «መጣሁ» የሚለው ላይ ስደርስ «ቆይ» አለችኝ። «መጣሁ ነው ያለው?» «አዎ እማ።» «መጣሁ?» ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ከዚያ ተቀምጣ እንደ ልጅ አለቀሰች፣ ግን ሌላ ዓይነት ለቅሶ ነበር። ስለ ክዳኑ ምን ትላለች ብለው ሳይፈሩ አልቀሩም። እንዲህ አለች፤ «እሱ ልጅ በሕፃንነቱም ጨዋታ ካልጨረሰ ምሳ አይበላም ነበር።» ሌላ አላለችም። እርሷ ምን እንደምታስብ እኔም ገና አላውቅም።

ኅዳር 20 ድንጋዩ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ቆሞ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ቀደም ብሎ ሊያስፈርም አስቦ ረስቶት ይሁን አላውቅም፣ ብቻ ጠዋት ከሕዝቡ ፊት እማዬን ጠጋ ብሎ ዘረጋላት፣ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ። እማዬ ቀና ብላ አየችውና፣

«እስክሪብቶ የለንም» አለችው።

እጁ ላይ እስክሪብቶው እያለ! እትዬ ቋጠሮ ሳቋን በነጠላ— አይ፣ በእጇ ነው አፏን የያዘችው፣ ግን ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ተጠራሁ። የቤት ሥራዬን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና የእርስዎን ወረቀት አነበብኩ። የክዳኑን አልዘለልኩም።  ስለ ኋላ በሩ ስደርስ ሥራ አስኪያጁ «ይበቃል፣ ልጁ አዝኖ ነው» ብሎ ማጉያውን አጠፋው። ስድስቱ ሠራተኞች ያለ ማንም ጥሪ ተነሥተው መጡና አጠገቤ ቆሙ። ያለ ማጉያ ጨረስኩት። ለካስ ድምፄ ወፍራም ነው፤ የወንድሜን ይመስላል ብለውኛል።

ጨርቁን የገለጠው ሰው የለም። ዛሬም እንደተሸፈነ ነው። መርማሪዎቹ ትናንት መጥተው የኋላ በሩን ከፎቶ ጋር መዘገቡት፤ ካርቶኑ ግን ሌሊቱን ተነሥቶ ነበር፣ ግድግዳው ላይ የደረደሩበት ምልክት ብቻ ቀርቷል። እሱንም ፎቶ አነሡት። አዲስ ቴርሞሜትር ማቅለጫው ላይ ተሰቅሏል። ሥራ አስኪያጁ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። ምን እንደሚሆን አላውቅም። ሊጎዳን ይችላል፣ እርስዎም ብለውኛል። ይሞክር።

አስተማሪዬ የቤት ሥራውን መለሰችልኝ። «አመጣጥ፦ አልተብራራም። ትርጉም፦ ከመጽሐፉ ይለያል» ብላ ጽፋ፣ ከሥሩ በእርሳስ «አትቀይረው» ብላለች። ነጥቡ ከሃያ አሥራ ሰባት ነው። ወንድሜ ቢሆን «ሦስቱን የት አደረስከው?» ይለኝ ነበር።

እኔ ይቅር ብዬዎታለሁ ለማለት ገና ነኝ። እንዳይዋሹኝ ብዬ ስጮህብዎ ከርሜ እኔ አልዋሽም። ግን ሰው ሲጠይቀኝ «ክዳኑን ያስቀረው እሱ ነው፣ እውነቱንም የተናገረው እሱ ነው» እላለሁ። ሁለቱንም።

አሁን የጻፍኩበትን ነገር ልንገርዎ። ክዳኑን ከዘበኛው ለምኜ ነበር፣ ግን አሁን ያለው መሆን ያለበት ቦታ ነው፣ ማቅለጫው አጠገብ፣ እጅ የሚደርስበት። ስለዚህ ዳማውን ካርቶን ላይ ሠርቼ የወንድሜ አልጋ ላይ ዘረጋሁት። ቆርኪዎቹን እንደ ሥዕልዎ ደረደርኳቸው። አምስት የተደፉ፣ አራት ወደ ላይ። ከትምህርት ቤት መልስ ሁለት ቀን ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

ጋሽ ፈትል፣ እየመሩት አልነበረም።

በቀኝ በኩል ያለችውን ቆርኪ ወደ ፊት ቢገፋት በዳማ ሕግ ግዴታዎ ነው፣ ይበሏታል። ሲበሏት መንገዱ ይከፈታል፤ እሱ ደግሞ በአንድ ዝላይ ሦስትዎን ይበላል። አይቶት ነበር። ሲስቅ የነበረው ለዚህ ነው፣ «ቦታቸውን ያዝልኝ» ያለዎትም ለዚህ ነው። አንድ ሰጥቶ ጨዋታውን ሊያሸንፍ ነበር። ይህን ለዚያ ድንጋይ ጸሐፊ ይንገሩልኝ፤ ወንድሜ መስጠት ያውቅ ነበር፣ የሚሰጠውን ግን እሱ ነው የሚመርጠው፤ ደግሞም የሚሰጠው ቆርኪ ነው እንጂ ሰው አይደለም።

ቆርኪዋን በሱ ፈንታ ገፍቼልዎታለሁ። ከዚያ አልነካሁትም፣ እማዬም አልጋው ላይ ማንም እንዳይቀመጥ ትጠብቃለች። በደብዳቤ መልስ አልቀበልም። አውቶቡሱ ማክሰኞና ዓርብ እንደሚነሣ ጠይቄያለሁ።

ተራው የእርስዎ ነው።

ጩጬው